የኣውኣሎም ሦስት ነጥብ

በአርባው ቀን ኮሎራዶ ውስጥ አውሮራ በሚገኘው የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ተነሥቶ የተናገረ አንድ ሰው ባለቤቴን ኣውኣሎምን «ታላቅ አዳኝ ነበር» አለው። አልነበረም። ኣውኣሎም በስድሳ አንድ ዓመቱ እስኪሞት ድረስ አንድም እንስሳ አልገደለም። ከኋላዬ የተቀመጠው የታክሲ ባልደረባው ዓንዶም ደግሞ የማልሰማው መስሎት «ሦስት ዓመት የጠበቀውን በአንድ ቀን ሞኝነት አበላሸው» ሲል አንሾካሾከ። ይህም ስህተት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ እንጀራዬ መዝገብ መያዝ ነው፤ ዛሬም በአንድ ክሊኒክ የሕሙማንን ፋይል እይዛለሁ። የሰው ሁሉ ፋይል ተስተካክሎ የባሌ ተጣሞ አይቀርም።

ኣውኣሎም አዲስ አበባ እያለ በዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል። ሥራው የደጋ አጋዘን ለማደን ከውጭ ለሚመጡ ሰዎች ፈቃድ መጻፍ ነበር። ዋጋው በዛ ብለው ሲያጉረመርሙ «ርካሽ ቢሆን ኖሮ እናንተ ሳትደርሱ ያልቅ ነበር» ይላቸዋል። በፈረንጆቹ 1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ኤርትራዊ ነህ ተብሎ ወደ አስመራ ተባረረ። ለውጭ ሰው ፈቃድ ሲጽፍ የኖረው ሰው ራሱ የውጭ ሰው ሆነ። እኔ አዲስ አበባ ቀረሁ። የተገናኘነው ከአራት ዓመት በኋላ፣ ዴንቨር ላይ ነው።

እዚህ ከአየር ማረፊያው ታክሲ ይነዳ ጀመር። መስከረምና ጥቅምት ላይ የጠመንጃ ሳጥን የያዙ ተሳፋሪዎች ይጭናል፤ ስለ ጎረቤታችን ክፍለ ግዛት ስለ ዋዮሚንግ የነገረው ከእነሱ አንዱ ነው። እዚያ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን ከሌላ ክፍለ ግዛት የሚመጣ ሰው ዕጣ ውስጥ ይገባል። ዕጣው ከወጣለት አንድ እንስሳ የሚፈቅድ ታግ ይሰጠዋል። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ በዓመት ሃምሳ ዶላር ከፍሎ አንድ ነጥብ መግዛት ተፈቀደ፤ ነጥብ የበዛለት ይቀድማል። ኣውኣሎም በዚያው ዓመት አንድ ገዛ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም።

ታክሲዎቹ ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ዓንዶም ያሾፍበት ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ የኮሎራዶ ነዋሪ ነህ። እዚሁ አፕላይ ብታደርግ ዋጋው አንድ አሥረኛ ነው። ኤልኩ ድንበር ሲሻገር ሥጋው ይጣፍጣል እንዴ?»

«ስንቱን የውጭ ሰው ዋጋ አስከፍዬ አሁን እኔ ልከራከር?» አለ ኣውኣሎም። «ደግሞ የውጭ ሰው ነህ ብሎ የሚያስወጣኝ እንጂ ከፍለህ ግባ የሚለኝ አጋጥሞኝ አያውቅም። እከፍላለሁ!»

በ2008 መጨረሻ ልቡን የሚያየው ሐኪም ቁርጡን ነገረው፤ ተራራ መውጣት ካሰብክ በሚቀጥለው መከር ውጣ፣ ከዚያ ወዲያ ዋስትና የለኝም አለው። ኣውኣሎም አልደነገጠም። ሦስት ነጥብ ነበረው። የቀደሙትን ዓመታት ውጤት እኔው አውጥቼ አይቻለሁ፤ እሱ በመረጠው ቦታ ሦስት ነጥብ ይዞ ዕጣ ያጣ ሰው አልነበረም።

በዚያው ኅዳር የጓደኛው የተስፋዬ ሚስት ከበቡሽ ሞተች። ተስፋዬ ታክሲውን አቁሞ ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ያለው ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። አርባው አለፈ፤ ጺሙን አልተላጨም፣ መጋረጃውንም አልከፈተም። ኣውኣሎም ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ ይሄድበታል። ጃንዋሪ ላይ የአደኑን ዕጣ ማመልከቻ ቅጽ ይዞለት ሄደ። ቅጹ ሁለት ሰው አንድ ላይ እንዲያመለክት ይፈቅዳል። በማግስቱ ተስፋዬ ጺሙን ተላጭቶ የተራራ ጫማ ሊገዛ ወጣ።

ኣውኣሎም የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስህተቱም የእኛው ነው። በማኅበራችን ነባሩ አዲሱን ይዞ ሲገባ አዲሱ በነባሩ ክብር ይቀመጣል። ሦስቱ ነጥብ ሁለታቸውንም የሚያስገባ መሰለው። እኔ ግን ቅጾቹን ከመመሪያው ጋር ሳመሳክር በቡድን የሚገቡ ሰዎች ነጥብ ተደምሮ ለቁጥራቸው እንደሚካፈል አነበብኩ። ሦስትና ዜሮ፣ ለሁለት፤ አንድ ተኩል።

«ይህን ገጽ አንብበው» አልኩት።

አነበበው። መነጽሩን ወልውሎ እንደገና አነበበው።

«ፖስታው ገና አልተላከም» አልኩ። «የእሱን አውጥተን ያንተን ብቻ እንላክ። እሱ ዘንድሮ ነጥብ ይግዛ።»

«ምን ልበለው?»

«ደንብ ነው በለው።»

«እኔንም አውቶቡስ ላይ ሲጭኑኝ ደንብ ነው ነው ያሉኝ።»

«ሐኪሙ ያለህን ረሳኸው? ለከርሞ ላትደርስ ትችላለህ!»

«አልረሳሁም። አንቺም ተስፋዬ መላጨቱን አትርሺ።» ፖስታውን በምላሱ አርጥቦ አሸገው። «ደግሞ ብቻዬን ብገድለው ማን አብሮኝ ይገፈዋል? አንቺ?»

ጃንዋሪ 27 ቀን 2009 ራሱ ፖስታ ቤት ወስዶ ሰጠው። ደንቡን አንብቦ፣ ገብቶት፣ ነው የላከው።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ ውጤቱ መጣ፤ ሁለቱም አልወጣላቸውም። ለተስፋዬ «ዕጣ ነው፣ ምን ይደረጋል» አለው እንጂ ስለ ሒሳቡ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በበጋው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ነጥብ ገዙ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ ይተኩሱ ነበር፤ ኣውኣሎም ይስታል፣ ተስፋዬ ይስቅበታል። ተስፋዬ ወደ ታክሲው ተመለሰ። ኦክቶበር 11 ጠዋት ኣውኣሎም ከአልጋው አልተነሣም።

እንግዲህ በአርባው ቀን የዓንዶምን ሹክሹክታ ስሰማ ተነሥቼ ቆምኩና ይህንኑ ከነቀኑ ተናገርኩ። ዓንዶም አንገቱን ደፋ። ተስፋዬ ግን ነገሩን የሰማው ገና ያን ጊዜ ነበርና፣ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ወጣ። ለሁለት ወር ስልክ አላነሣልኝም።

በጃንዋሪ መጨረሻ በሬን አንኳኳ። ሁለት ቅጽ ይዟል።

«አንዱ ያንቺ ነው» አለ።

«ተስፋዬ፣ የኣውኣሎም ነጥብ ወደ እኔ አይተላለፍም፤ ደውዬ ጠይቄያለሁ። አብሮት ሞቷል። እኔ ዜሮ ነኝ። ከእኔ ጋር ከገባህ ያንተም አንድ ወደ ግማሽ ይወርዳል።»

«ሒሳቡን አሁን እኔም አውቀዋለሁ።»

«ጠመንጃ ይዤ አላውቅም።»

«እሱስ ይችል ነበር እንዴ?»

ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። መነጽሬን አምጥቼ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የትውልድ ዓመቴን ተሳስቶ ሞልቶት ስለነበር ሰርዤ አስተካከልኩ። «ነዋሪ ያልሆነ» በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አደረግኩ፤ ፈረምኩ።

«ዓንዶም ሁለት ሞኞች ሊለን ነው» አለ ተስፋዬ።

«ይበል። ቀኑን አልጻፍክም፤ ጻፍ።»