ወንድሜን ከድረ ገጹ ያነሳሁ ዕለት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል ካረፈ ጥቂት ወራት በኋላ ነው። ልረሳው ብል አልቻልሁም። እስካሁን ያናድደኛል። በማን እንደምናደድ ግን በደንብ አላውቅም።

ይበልጣል ከባሕር ዳር ወደ ጣና ገዳማት ሰው የሚያመላልስበት ጀልባ ነበረው። ድረ ገጽም አሠርቶለት ነበር። ድረ ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው እሱ የሚናገርበት ቪዲዮ ነው። ጀልባው ላይ ቆሞ መንገዱን ያስረዳል። ነፋሱ ባርኔጣውን ሲወስድበት ይስቃል። በቃ፣ ይኸው ነው።

በአጭር ሕመም ሲሞትብን ጀልባውም ድረ ገጹም ለእኔ ቀሩ። እናቴ የምትተዳደረው በዚያው ጀልባ ነው። እኔ ደግሞ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም።

ደንበኛ ጠፋ። ድረ ገጹን የሠራው ደሳለኝ ዓባይ ማዶ ሱቅ አለው። እሱ ዘንድ ሄድሁ። ስንት ሰው እንደገባ፣ ምን እንዳየ፣ የት ላይ እንደወጣ የሚያሳየውን ገጽ ከፈተልኝ። የገባው ሰው ብዙ ነው።

«ታዲያ ለምን አይደውሉም?» አልሁት።

«ቪዲዮው ላይ ይቀራሉ። ደጋግመው ያዩታል፤ ከዚያ ዋጋውን እንኳ ሳያዩ ይወጣሉ። ሥራህን የያዘብህ እሱ ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «ይቅርታ አድርግልኝና፣ ላንሳው?»

እንዲነሳ አልፈለግሁም። ቁጥሩ ግን ፊቴ ነበር። «አንሳው» አልሁት። በቦታው የጀልባውን ፎቶና ዋጋውን አደረግን።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ደንበኛ መስሎኝ ተንደርድሬ አነሳሁት። አንበሳሜ የምትኖረው አክስቴ ናት።

«አንተ፣ ልጁን የት አደረስኸው?»

«የትኛውን ልጅ፣ እትየ?»

«ይበልጣልን ነዋ። ልጄ ስልኩን ከፍታ ብትፈልገው የለም። ጀልባ ብቻ ነው ያለ። እኔ ጀልባ ምን ይሠራልኛል? ጠዋት ጠዋት ድምፁን ሳልሰማ ከቤት አልወጣም እኮ።»

ከእሷ ቀጥሎ ለቅሶ መድረስ ያልቻለ አንድ ዘመዳችን ደወለ። ከዚያ የይበልጣል ጓደኞች። ስልኬ እንደዚያ ቀን ጮኾ አያውቅም። አንድም ሰው ጀልባ አልፈለገም።

ተናድጄ ደሳለኝ ዘንድ ተመለስሁ። «ሰው መግባቱን የሚያውቅ ነገር ለምን እንደገባ እንዴት አያውቅም?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ወንድሜ? የተነካውን ነው የሚቆጥረው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ቪዲዮውን ሌላ ገጽ ላይ እናድርገው ቢለኝ እንቢ አልሁ። የአክስቴ ልጅ ሌላ ገጽ ከየት ፈልጋ ታገኘዋለች? እነበረበት መለሰው።

ሥራው አሁንም ቀዝቃዛ ነው። ቁጥሩን ማየት ትቻለሁ ብዬ ልጽፍ ነበር። አልተውሁም። ከፍ ሲል ደንበኛ ይደውላል ብዬ ስልኩን እጠብቃለሁ፤ የሚደውል የለም። ዝቅ ሲል ደግሞ ወንድሜን መርሳት ጀመሩ እላለሁ።