ሳላሀዲን የመለሰው ሌንስ

ፋራህ የወዳጁን የይሳቅን ማረፍ የሰማው ከዚራ ሰፈር ባለችው ፎቶ ቤቱ ውስጥ፣ አንዲት ሴትዮ ለፓስፖርት አገጯን ቀና እንድታደርግ እየነገራት ሳለ ነው። ስልኩን ዘጋ፤ ሴትዮዋን አነሣት፤ ፎቶዋን ቆርጦ ሰጥቶ ሸኛት። ከዚያ ተቀመጠ።

ይሳቅ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ሐርላ ገደል ላይ የሚውሉትን ዝንጀሮዎች ከሩቅ የሚያነሣበት ረጅም ሌንስ ነበረው። በሠልስቱ ሚስቱ ቦጋለች ያንን ሌንስ ከጓዳ አውጥታ ለፋራህ ሰጠችው።

«ለጥገና ሰጥቶት ነበር፤ ካሜራ ጠጋኙ ሳላሀዲን ትናንት መለሰው። ደህና ከሆነ ለልጃችን ይሆናል። እስቲ እይልኝ ወንድሜ።»

«ለምን ከቀብር በኋላ መለሰው?»

«እኔ ምኑን አውቄው!»

ፋራህ ሌንሱን አገላበጠው። ብሎኖቹ ተነካክተዋል። የማቅረቢያው ቀለበት እንደ ድሮው አይከብድም። ሳላሀዲንም ለቅሶው ላይ ዐይን ዐይኑን አላየውም ነበር።

በማግስቱ በቀትር ሐርላ ወጣ። የሰርግ ፎቶ አንሺ ነው፤ አዳራሽ የለመደ። ለሙከራ ብርሃን ሲሞላ መሄድ ይሻላል ብሎ ነው። ዝንጀሮዎቹን ቢያነሣ ቢያነሣ ሁሉም ውኃ ውስጥ እንዳለ ነገር ደበዘዙበት። ሳላሀዲን ጥሩውን መስታወት ወስዶ በርካሽ ቀይሮታል ማለት ነው፣ አለ በልቡ።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ለቅሶ ቤት፣ ዕድርተኛው ፊት፣ «ሳላሀዲን፣ የሙት ዕቃ ይጣፍጣል?» አለው።

«ምን አልክ አቦ?»

«መስታወቱ የታለ?»

ሳላሀዲን የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ወላሂ፣ ይሳቅ ቢኖር ያፍርብህ ነበር» ብሎ ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ፋራህ ሌላ ማስረጃ ፍለጋ በማግስቱ እንደገና በቀትር ወደ ሐርላ ተመለሰ። ፍየል የምትጠብቀው ናሲሞ ከግራሩ ጥላ ሥር ሳቀችበት።

«ዋሪያ! ዝንጀሮ ነው ጭስ የምታነሣው?»

«ሌንሱ ተበላሽቷል።»

«ሌንሱ ነው አንተ? በዚህ ሰዓት መሬቱ ይፈላል፤ አየሩ ይርገበገባል፤ እኔም የራሴን ፍየል ከሩቅ አልለይ! ይሳቅ የሚመጣው ፀሐይ ሳትበረታ ነበር።»

አላመናትም። ቢሆንም በነጋታው ማልዶ ሄደ። አውራው ዝንጀሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይታከካል፤ ጋሜው ጠጉር በጠጉር ተለይቶ ወጣ። ቀለበቱም የቀለለው ሳላሀዲን ብሎኖቹን ፈትቶ ውስጡ የገባውን አሸዋ ስላጸዳለት ኖሯል።

ሌንሱን ለቦጋለች መለሰላት። «ደህና ነው» አላት። ዕድርተኛው ፊት የተናገረውን ግን አላነሣም። ወደ ሳላሀዲን ሱቅም እስካሁን አልሄደም።