ይመር በወደቀ ቁጥር

ኮምቦልቻ ከምሳ በኋላ ሙቀቷ ሲበረታ የቢሮዬ አሮጌ ኮምፒውተር የሚያወጣው ሽታ አለ፤ የሞቀ አቧራና የሞቀ ፕላስቲክ ተደባልቆ፣ ትንሽም የተተኮሰ ሱሪ ሱሪ እያለ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ኃላፊ መሆኔን፣ ሽበቴን፣ ጠረጴዛዬ ላይ የተከመረውን የመለዋወጫ ጥያቄ ሁሉ እረሳና ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጥቼ ደሴ እገባለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ሽታው ብቻውን አልመጣም፤ ድምፅም ይዞ መጣ።

የክፍላችን ወጣት ቴክኒሻን የምፈልገውን ነገር ሰምቶ በፍላሽ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አምጥቶ ጫነልኝ። ሥራዋ የድሮ የኮምፒውተር ጌሞችን ሙዚቃ ማጫወት ብቻ ነው። ጌሙ የለም፣ ሥዕሉም የለም፤ አንዲት ግራጫ መስኮት፣ በግራ በኩል የዜማዎች ዝርዝር፣ በቀኝ በኩል ከዜማው ጋር ከፍና ዝቅ የሚሉ ሦስት አረንጓዴ መስመሮች፣ በቃ። ልጁ እንዳስረዳኝ ከሆነ ፋይሉ ውስጥ የተቀዳ ድምፅ የለም፤ ያለው ትእዛዝ ነው፣ ይህን ድምፅ ይህን ያህል ያዝ፣ ከዚያ ወደዚህኛው እለፍ የሚል። ፕሮግራሟ የድሮውን ማሽን ጉሮሮ አስመስላ በተጫነች ቁጥር እንደ አዲስ ታዜመዋለች። ሦስቱም ድምፆች የየራሳቸው መዝጊያ አላቸው፣ ፍጥነቱንም መቀነስ ይቻላል። እኔም የገባኝ መስዬ ራሴን ነቀነቅኩ፤ የኃላፊነት ግማሹ ይኸው ነው።

ለፍለጋው ያነሣሣችኝ የአክስቴ ልጅ ሐዋ ናት። አክስቴ ዘሃራ ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሐዋም ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ባለው ቤቷ ሰደቃ አውጥታ ዱዓ ልታስደርግ፣ በዱዓው ላይም እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ስትለው የኖረችው መንዙማ እንዲባል ተመኝታለች። ግጥሙ በደብተር ተጽፎ አለ። የጠፋው ዜማው ነው። አክስቴ ድምፅዋን ማንም እንዲቀዳው አልፈቀደችም፤ ስልክ የደቀነባትን ሁሉ በነጠላዋ ጫፍ እያባረረች ነው የኖረችው። አብረዋት ያጨበጭቡ ከነበሩት ሴቶች የቀሩት ሦስት ሲሆኑ፣ ሦስቱም የየራሳቸውን ዜማ አምጥተው ተጣልተዋል። ሐዋ ደግሞ ገና በልጅነቷ ሄዳ ዓረብ አገር ስትሠራ ብዙ ዓመት ስለቆየች የእናቷ ድምፅ በስልክ የመጣላትን ያህል ነው የያዘችው።

«ወንድም ጋሼ፣ መጀመሪያውንና መዝጊያውን ይዣለሁ፤ መሐሉ ነው የጠፋኝ» አለችኝ ደውላ። «አንተ አጠገቧ አድገሃል። ካንተ ካልተገኘማ በቃ፣ ከእማዬ ጋር ተቀብሯል ማለት ነው።»

እኔም መሐሉን አልያዝኩትም። የያዝኩት ሌላ ነገር ነው፤ ዜማው ከየት እንደመጣ። ይህንን ከእኔ በቀር የሚያስታውስ ሰው የለም ብዬ አምን ነበር፤ ሳላወጣውም ልሞት ቆርጬ ነበር። ለሐዋ ዜማውን ማግኘት ማለት ምሥጢሩን ማውጣት ማለት ነው። የናትሽ መንዙማ የተቀዳው ከኮምፒውተር ጌም ነው ብሎ ሐዘንተኛ ልጅ ፊት መቆም፣ እንኳን ለእኔ ለደፋሩም ይከብዳል።

ያኔ ቤታችን ከደሴ ፒያሳ ጀርባ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ መጀመሪያ የሚጎበኘው ሰፈር ውስጥ ነበር። አባቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስለሚሠራ ቤቱን የምታስተዳድረው እናቴ ነች፤ አክስቴ ዘሃራ ባሏ ሲሞትባት የአንድ ዓመቷን ሐዋን አዝላ ከኩታበር መጥታ ከእኛ ጋር ገባች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትስቅ አፏን በመዳፏ የምትከድን፣ ተቆጥታም እንኳ የምታዜም የምትመስል ሴት ነበረች። ያረፈችበት ክፍል ከጎረቤታችን ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ ይዋሰናል። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ደጀኔ የሚባል፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የማይጠፋ ወጣት የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ከፍቷል። ማሠልጠኛ ይባል እንጂ ሦስቱ ኮምፒውተሮች ለጽሕፈት ተማሪዎች ሲሆኑ አራተኛው፣ ባለቀለሙ፣ የእኛ ነበር።

በባለቀለሙ ውስጥ አንድ ጌም ብቻ አለ። ፋኖስ የያዘ ትንሽ ሰውዬ ማለቂያ በሌለው ዋሻ ውስጥ እየሮጠ ገደል ገደሉን ይዘላል። ስም ስላልነበረው ይመር አልነው። ይመር ሲሮጥ አንድ ዜማ አብሮት ይሮጣል፤ ዜማው ሲያልቅ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፣ ይመለሳል፣ ይመለሳል። ይመር ገደል ሲገባ ደግሞ ሌላ አጭር ዜማ አለ፣ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ብሎ ቀጥ የሚል። ከውጭ ብርድና ጉም፣ ከውስጥ የስምንት ልጅ ትንፋሽ፣ የረጠበ ሹራብና የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ፤ እኔ ጀነት ምን ትመስላለች ብለው ቢጠይቁኝ የምመልሰው ያንን ክፍል ነበር።

አክስቴ በመጣች በሳምንቷ እናቴ «ይሄ ሰይዶ ከትምህርት ቤት መልስ የት ነው የሚጠፋው?» ብላ ስትነሣብኝ፣ ዘሃራ ተሟገተችልኝ። «ተይው በአላህ! ከነዚያ ዚክረኞች ዘንድ ነው ያለ። ማሻአላህ፣ እነዚህስ ከልባቸው ነው የያዙት።» መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ ግን ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ባደገችበት አገር አንድ ዜማ ሳይለወጥ፣ ሳይደክም፣ ከዝሁር እስከ መግሪብ፣ ከቀትር እስከ ጀንበር መጥለቂያ፣ እየተመላለሰ የሚባለው በዚክር ላይ ብቻ ነው። ዘፈን ያልቃል፣ ራዲዮም ወሬ ይቀይራል። በግድግዳው የሚመጣላት ይኸኛው ግን አያልቅም። ያንን ያህል የሚጸና ሰው አላህን የሚያወሳ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ነገሩ ሁሉ ደግሞ ይመሰክርላት ነበር። ደጀኔ ክርስቲያን ቢሆንም ሰው አክባሪ ነውና አዛን ሲል ድምፁን ይዘጋል፤ እሷም «ለሶላት ተነሡ» ትላለች። መብራት ሲጠፋ ጸጥ እንላለን፤ «አሁን በልባቸው ነው የያዙት» ትላለች። ይመር ገደል ሲገባና ያች የምትወርድ ዜማ ስትሰማ ደግሞ ዱዓው አለቀ ብላ መሰለኝ፣ ስፌቷን ይዛ ከግድግዳው ማዶ «አሚን!» ትላለች። ግድግዳው ስስ ስለነበር እንሰማታለን። በተሸነፍን ቁጥር አሚን። ልጆቹ በሳቅ ሲፈርሱ እኔ ኀፍረት አንገቴን ያሳክከኝ ነበር፤ ሆኖም አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ ልንገራት? እሷ የሰጠችኝን ፈቃድ በገዛ አፌ ልሰርዝ?

ባሰ። ሐሙስ ሐሙስ ለዚክረኞቹ ሰደቃ መላክ ጀመረች፤ የተቆላ ሽምብራ፣ አንዳንዴም የሞቀ የገብስ ቂጣ። ሰሀኑን ራሷ ይዛ ትመጣና ወንዶች አሉበት ብላ ሳትገባ የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ለአፍታ አዳምጣ ትመለሳለች። ደጀኔ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ፣ ቆሞ፣ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ምርቃቷን ይቀበላል። ሽምብራውን ግን ይበላል። ሁላችንም እንበላለን።

ከዚያም በአንድ የመውሊድ ሰሞን ሴቶች ቤታችን ተሰብስበው ድቤው ሲመታ አክስቴ አዲስ መንዙማ አወጣች። ስትጀምር የያዝኩት የውሃ ጣሳ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። የይመር ዜማ ነው! ቀስ ብሏል፣ ሰፍቷል፣ ጭብጨባ ገብቶበታል፤ ግን እሱው ነው። መሐሉ ላይ ደግሞ ጌሙ ውስጥ ሰምቼው የማላውቀው አንድ ቦታ ነበር፤ ድምፅዋ ጎንበስ ይልና፣ ደጅ ቆሞ ይግባ አይግባ እንደሚያመነታ እንግዳ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ይገባል። እዚያ ላይ ስትደርስ ሴቶቹ ያለቅሱ ነበር። መዝጊያው ላይ ያችው የምትወርደው ዜማ መጣች፤ ቤቱ በሞላ አሚን አለ። ያ መንዙማ ከቤታችን ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ፣ ኩታበርም ተሻገረ፣ ሰውም የድሮ ዜማ ነው ይለው ጀመር። እኔ አፌን ዘግቼ አደግኩ፤ ደጀኔ ማሠልጠኛውን ዘግቶ አገር ለቀቀ፤ ግድግዳውም ፈርሶ በቦታው ፎቅ ቆመ።

እነሆ ባለፈው ሳምንት በሩን ዘግቼ ከግራጫዋ መስኮት ፊት ተቀመጥኩ። ዝርዝሩን ስወርድ፣ ስወርድ፣ የጌሙን ስም ረስቼው በተራ በተራ እየሞከርኩ፣ በድንገት ይመር ሮጠ። ያ ቀጭን፣ ችኩል፣ ፉጨት የመሰለ ድምፅ የስምንታችንንም ፊት በማያ ገጹ ሰማያዊ ብርሃን መልሶ አሳየኝ። ነገር ግን አንዴ፣ አምስቴ፣ አሥር ጊዜ ባዳምጠው ያ የሚያመነታው ቦታ የለም። ዜማው እዚያ ሲደርስ ፉጨቱ ይረባረብበትና ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። እንግዲያው መሐሉን ከራሷ ነው ያወጣችው፣ አብሯት ሄዷል አልኩና ልዘጋው ተነሣሁ።

ከዚያ ያደግኩበት ግድግዳ ትዝ አለኝ። ጭቃ ነው፣ ከውስጡ ጭድ ያለበት፣ ስስም ቢሆን ግድግዳ። በሰላሳ ዓመት የጥገና ሥራዬ ከተማርኩት ነገር አንዱ፣ ከግድግዳ ማዶ ያለ ማሽን ሲሠራ ቀጭን ድምፁ እንደሚቀርና ወፍራሙ ብቻ እንደሚሻገር ነው። የፉጨቱንና የሌላውን ቀጭን ድምፅ ዘጋሁ። ፍጥነቱን ወደ ግማሽ አወረድኩት፣ በሴቶች ጭብጨባ ልክ።

ዘሃራ መጣች። ከፉጨቱ ሥር ተሸፍኖ የኖረው ወፍራሙ ድምፅ ብቻውን ቀርቶ፣ መሐሉ ላይ ሲደርስ ጎንበስ አለ፣ አመነታ፣ ቀና ብሎ ገባ። ስንቴ ተጫውተንበት እኛ ያልሰማነውን፣ እሷ ስፌቷን ይዛ ከግድግዳው ማዶ ሰምታው ኖሯል። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ሽማግሌ ነኝና የማፍረው የለኝም።

ለሐዋ ደወልኩላት። አስቀድሜ ኃጢአቴን ተናገርኩ፤ ጌሙን፣ ይመርን፣ ሽምብራውን፣ ሁሉንም። ከዚያ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ደቅኜ አሰማኋት። መሐሉ ሲደርስ «ያ ረቢ፣ እሱ ነው! ወላሂ እሱ ነው!» ብላ ጮኸች፤ አብራውም አዜመችው፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ እስኪጨበጥላት።

ስትረጋጋ ግን ሳቀች። «ወንድም ጋሼ፣ እማዬኮ ታውቅ ነበር፤ አንተ ራስህ እስክትናገር ዝም በይ ብላኝ ነው እንጂ። ያ ደጀኔ የምትለው ሰውዬ ሰደቃው ከብዶት ገና በሁለተኛው ሐሙስ ነው የነገራት። ‹ዜማ የማንም አይደለም፣ የአላህ ነው፤ ብቻ ለሰይዶ እንዳትነግርብኝ፣ ዚክር የመሰለኝ እየመሰለው ሲያፍር ቀጥ ብሎ ያድግልኛል› አለችው።»

ከዚያ የጠየቅኩት የሆዴን ነው፦ ካወቀች ታዲያ በተሸነፍን ቁጥር አሚን የምትለው ለምን ነበር?

«እኔም ጠይቄያት አውቃለሁ» አለች ሐዋ። «‹ልጁ ወደቀ ማለት ነው፤ ለወደቀ አሚን ካልተባለለት በምን ይነሣል?› ነው ያለችኝ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ከደጀኔ ክፍል ከወጣሁ ወዲህ እኔም እንደ ይመር ስንቴ ገደል ገብቼ ተነሥቻለሁ፤ በራሴ ጉልበት የተነሣሁ መስሎኝ ነበር። ዜማው ተገኝቷል፣ ለሰደቃው ይደርሳል፣ ሐዋም እንደ እናቷ አድርጋ ትለዋለች። ያች ሴት ግን በየትኛውም ፋይል ውስጥ የለችም።

ከዝርዝሩ ውስጥ ያችን የምትወርደውን አጭር ዜማ ፈልጌ ተጫንኳት። ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ብላ ቀጥ አለች። ጆሮዬን ወደ ግድግዳው አዘንብዬ ጠበቅኩ። ከግድግዳው ማዶ የመለዋወጫ መጋዘን ነው፤ ሰው የለበትም።