ቀኝ እግሬና ያጭበረበርኩት ምርመራ

መጀመሪያ የተሰማኝ ሕመም አልነበረም። ካልሲዬ ጣቶቼ ሥር የተጣጠፈ መሰለኝ። ለንደን ውስጥ ከስቶክዌል ወደ ክሮይደን በሚሄድ ባስ ላይ ቀኝ ጫማዬን አውልቄ ባየው ካልሲው ምንም አልሆነም። መልሼ ሳጠልቀው አሁንም የተጣጠፈ ይመስለኛል። ሳምንቱን ሙሉ ካልሲ ስቀያይር ባለቤቴ አስቴር፣ "ሰውዬ፣ ካልሲ ልትነግድ ነው እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። ስኳር ከያዘኝ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኝ ነበር። እንዲህ ያለው ስሜት ሐኪሞች ኒውሮፓቲ የሚሉት የነርቭ ጉዳት ምልክት መሆኑን ግን አላወቅሁም።

ይህን የምጽፈው እንደኔው ስኳር ላለባችሁ ነው። ተሾመ እባላለሁ። የእኔ እድሜ እኩዮች የሆናችሁ "ብረቱ" ቢሏችሁ ታስታውሱኝ ይሆናል፤ አዲስ አበባ ዘጠኝ ዓመት የፊት አጥቂ ነበርኩ፤ አብዛኛውን ጎል ያገባሁትም በዚሁ በቀኝ እግሬ ነው። ጉራ አይደለም፣ ስታዲየሙ ሞልቶ ስሜን ሲጠራ የሰማ ሁሉ ይመሰክራል። እሺ ይሁን፣ ትንሽ ጉራ አለበት።

በእኛ ጊዜ ሕመም መደበቅ ሙያ ነበር። አሰልጣኛችን ከጨዋታ በፊት ቁርጭምጭሚታችንን በአውራ ጣቱ እየተጫነ፣ "ያምሃል?" ይላል። "አዎ" ያለ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ቦታውንም ሌላ ሰው ይወስድበታል። ስለዚህ ፊቴን ሳላኮማትር "ኧረ ምንም!" ማለት ተማርኩ። አንድ የዋንጫ ፍጻሜ ላይ ቁርጭምጭሚቴ እንደ ዳቦ አብጦ ገብቼ ሁለት ጎል አግብቻለሁ። ሰው እስከ ዛሬ ስለ ጎሎቹ ያወራል። ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ሙሉ በክራንች መሄዴን የምታውቀው አስቴር ብቻ ናት። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ጉልበቴ ከዳኝና ኳስ አቆምኩ፤ ለንደን መጥቼም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ባስ ነዳሁ።

የካልሲው ነገር በጀመረ በጥቂት ወር ውስጥ ለዓመታዊው የእግር ምርመራ ተጠራሁ። ነርሷ ቀጭን የናይለን ክር ይዛ፣ "ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ክሩ ሲነካዎት 'የስ' ይበሉ" አለችኝ። ግራ እግሬ ላይ ተሰማኝ። ቀኙ ላይ ስትደርስ ምንም የለም። ደነገጥኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብሪክስተን አጠገብ ሜዳ ላይ ከድሮ ጓደኞቼ ጋር እጫወት ነበርና "ኳስ ይቁም" እንዳትለኝ ፈራሁ። አጥቂ ደግሞ በረኛው መቼ እንደሚነሳ መገመት ያውቃል። የወንበሯን ሲጥታና የጓንቷን ድምፅ እየሰማሁ በየስንት ጊዜው እንደምትነካኝ አጠናሁ። "የስ።" ትንሽ ቆየሁና "የስ።" ነርሷ "ስሜትዎ በጣም ጥሩ ነው" ብላ ጻፈች። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ጅል!

በዓመቱ አዲስ ታኬታ ገዛሁ። ጠባብ ነበር፤ አልታወቀኝም። ሙሉ ጨዋታ ተጫወትኩ። ቤት ስገባ አስቴር ወለሉን አይታ ጮኸች። የደም ዱካ ነበር። የእኔ ደም። "ምንም አይደለም" ብዬ የተላጠችው ትንሿ ጣቴ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ። ከዚያ አሥር ቀን እግሬን ደበቅኋት። ጣቲቱ ጠቆረች። ሸተተች። ትኩሳት ጣለኝ። አስቴር አምቡላንስ ጠራች።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ ኤክስሬዩን አይታ፣ "ኢንፌክሽኑ አጥንት ውስጥ ገብቷል። ኦስቲዮማየላይተስ ይባላል። ከጣትዎ አልፎ ከተስፋፋ እግርዎን ልንቆርጥ እንችላለን" አለችኝ።

እግሬን። ቀኙን።

ፋይሌን አገላበጠችና፣ "አምና ስሜት አለው ተብሎ ተጽፏል። ታዲያ ይህ ሁሉ ቁስል እንዴት አላመመዎትም?" አለች። እሷም ክር አውጥታ ዓይኔን አስጨፈነችኝ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ እዚያ አልጋ ላይ ሆኜም አጭበረበርኩ። "የስ" አልኩ። ቆየሁ። "የስ።"

"አቶ ተሾመ፣ ዓይንዎን ይግለጡ።"

ገለጥኩ። እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከትታ ቆማለች። "አንድ ጊዜም አልነካሁዎትም" አለችኝ።

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጎኔ የነበረችው አስቴር ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ አለቀሰች። "ተሹዬ፣ እነዚህ እኮ አሰልጣኝ አይደሉም። ማንም ከጨዋታ አያስወጣህም" አለችኝ።

"አይሰማኝም" አልኩ። "ቀኝ እግሬ አይሰማኝም። ከዓመት በላይ ሆኖኛል።"

ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "አሁን መሥራት እንችላለን" አለች። "ሕመም ስለማያስቆምዎት እኛ እናስቆምዎታለን።"

በማግስቱ ትንሿ ጣቴ ከነአጥንቷ ወጣች። እግሬ ግን ተረፈ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስድስት ሳምንት አንቲባዮቲክ በደም ሥሬ እየተሰጠኝ፣ ከዚያም እግሬ በጀሶ ታስሮ ሦስት ወር ሙሉ ሶፋ ላይ ተጋድሜ፣ አስቴር የምታበስለውን ያለ ስኳርና ያለ ብዙ ዘይት እየበላሁ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እየመጡ ሲጸልዩልኝና የድሮ ጎሎቼን ሲያስተርኩኝ፣ ቁስሉ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ሚሊሜትር እየጠበበ ሄዶ አንድ ጠዋት ተዘጋ። ነርሷ በእኔ ውሸት እንዳትወቀስ ሐኪሟን ለምኜ ነገሩን ፋይሌ ላይ አስጻፍኩ፤ ክሊኒክ ሄጄም ይቅርታ ጠየቅኋት። እንደገና ስትመረምረኝ ዝም ስላልኩባት፣ "ተኙ እንዴ?" አለችኝ። ከአሥር ቦታ የተሰማኝ አንዱ ብቻ ነበር። ውጤቴ "ከፍተኛ አደጋ" ተባለ፤ በዚያ ምክንያት ልክ የተሠራልኝ ጫማና ተደጋጋሚ ክትትል አገኘሁ። በሕይወቴ ወድቄ የተደሰትኩበት ፈተና ይኸው ነው።

ምክሬ አጭር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እግራችሁን በየቀኑ እዩ፤ ሥሩን በመስታወት ተመልከቱ፤ ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት እጃችሁን አስገብታችሁ ውስጡን ዳስሱ። ሲመረምሯችሁ ካልተሰማችሁ ዝም በሉ። ሐኪሟን፣ ነርሷን፣ ከሁሉ በላይ አስቴርን አመሰግናለሁ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ዳር ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ፤ ደስተኛም ነኝ። ባለፈው ስኳር ያለባቸውን ጓደኞቼን ሣሩ ላይ አስቀምጬ ካልሲ አስወለቅኋቸው። ዓይናቸውን አስጨፍኜ የጣታቸውን ጫፍ በጣቴ ቀስ ብዬ ልነካ ተነሳሁ። የድሮው በረኛችን ፊት ተንበርክኬ እጄን ገና ሳልዘረጋ፣ "ተሰማኝ!" አለ።

ሰኞ ጠዋት አብረን ክሊኒክ ሄድን።