እትዬ ፋይልና ሁለቱ የውሃ ሊቃውንት

በከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት፣ ከመኪና ማቆሚያው ጎን ባለች ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ክፍል ውስጥ፣ የሠራተኛውን ሁሉ የግል ማህደር ሃያ ስምንት ዓመት ሲጠብቁ የኖሩ ሴት ነበሩ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም መታወቂያቸው ላይ ብቻ ቀርቷል። ከዘበኛው እስከ ዋና ሥራ አስኪያጁ ሁሉም የሚላቸው እትዬ ፋይል ነው።

እትዬ ፋይል ሰውን የሚያውቁት በፊቱ ሳይሆን በማህደሩ ነው። ደረጃ ላይ ጎንበስ ብሎ ሰላም ያላቸውን ባለ ከረባት፣ «ይሄ ዕድሜውን ሁለት ጊዜ ያስቀነሰው ነው» ይላሉ በልባቸው። አሳንሰር ውስጥ ሽቶዋ ሰው የሚያፍነውን የመምሪያ ኃላፊ፣ «አክስቷን ሦስት ጊዜ ቀብራ ፈቃድ የወሰደችዋ» ብለው ያልፏታል። በልባቸው ነው ታዲያ። አፋቸው እንደ ብረት ሳጥኖቻቸው የተቆለፈ ነው፤ ቁልፉም አንገታቸው ላይ ነው።

በዚያ ዓመት የላይኛው ከተማ ቧንቧ ደረቀ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ አምስተኛው ገባ። መሥሪያ ቤቱ «በቴክኒክ ምክንያት» የምትል ማስታወቂያ አውጥቶ ዝም አለ። እትዬ ፋይል የሚኖሩት እዚያው ላይኛው ከተማ፣ ልብስ ሰፊ ከሆነች ታናሽ እህታቸው ጋር ነው። እህትየዋ ግማሹን ቀን በስፌት መኪናዋ፣ ግማሹን በጀሪካን ሰልፍ ላይ ታሳልፋለች። ጎረቤቱ «እህትሽ ውሃ መሥሪያ ቤት አይደለች?» ሲላት ማፈር ጀመረች።

ነገሩን ያቀጣጠለው ኮሜዲያኑ ነው። አገር የሚያውቀው፣ እሁድ ከሰዓት የሚቀርበው ዝግጅቱ መንገዱን ጭር የሚያደርግ ሰው ነው። አንድ እሁድ መድረኩ ላይ ወጥቶ፣ ከውሃ ሥራ አስኪያጁ ይልቅ የሥራ አስኪያጁ ከረባት ስለ ውሃ እንደሚያውቅ፣ ምክንያቱም ከረባቱ ቢያንስ ሾርባ ውስጥ ገብቶ እንደሚያውቅ ተናገረ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ጭብጨባ ግን ሰውን መሐንዲስ ያደርጋል። መፍትሔውም ቀላል ነው አለ፤ ከተራራው ማዶ ያለውን ሐይቅ በቱቦ ለቀቅ ማድረግ ነው፣ ቁልቁለት ስለሆነ ውሃው ራሱ ይመጣል።

በማግስቱ ከተማው በሙሉ የሐይቅ ባለሙያ ሆኖ ተነሳ። እህትየዋም ክር እየሳበች፣

«እታለም፣ ሐይቁን ለምን አትለቁትም?» አለች።

«ሐይቁ እኮ ከእኛ በታች ነው ያለው።»

«እሱ ቁልቁለት ነው ብሏል።»

«ውሃው አልሰማውማ» አሉ እትዬ ፋይል።

ሥራ አስኪያጁ ጋዜጠኞች ጠሩ። ሕዝብን መምራት ዕውቀት፣ ልምድና ብቃት እንደሚጠይቅ፣ ዛሬ ማይክሮፎን የያዘ ሁሉ መሐንዲስ እንደሆነ፣ ቀልደኛ ይቀልድ እንጂ ውሃውን ለባለሙያ እንዲተው አሳሰቡ። አንዲት ጋዜጠኛ ተነስታ የእሳቸው ሙያ ምን እንደሆነ በትሕትና ጠየቀች። ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው ካለው የታሸገ ውሃ ተጎነጩና «ማህደሬ ክፍት ነው» አሉ። እትዬ ፋይል ይህንን ምድር ቤት ሆነው በሬዲዮ ሲሰሙ አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ዳበስ አደረጉ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወጣቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። የሥራ አስኪያጁን ትምህርትና ልምድ የምትገልጽ አንዲት ገጽ ተዘጋጅታ ለጋዜጦች እንድትበተን ታዟል። እትዬ ፋይል ማህደሩን አወጡት። ወፍራም ነው። ትምህርት፦ በሰውነት ማጎልመሻ ዲፕሎማ። ልምድ፦ መጀመሪያ የስታዲየሙ ኃላፊ፣ ስታዲየሙ ለእድሳት ሲዘጋ የቄራው፣ ቄራው ሲዘጋ የሲኒማ አዳራሹ፣ አዳራሹ ሲዘጋ የውሃው። ዝውውሩ ሁሉ «ለተሻለ ኃላፊነት» ይላል። ከዚያ ሠላሳ አንድ የተሳትፎ የምስክር ወረቀት። ከሠላሳ አንዱ ውሃ የሚል ቃል ያለበት አንድ ብቻ ነው፤ የውሃ ቀንን ምክንያት በማድረግ በተዘጋጀ የአምስት ኪሎ ሜትር የእግር ጉዞ ላይ ስለተሳተፉ የተሰጠ።

«እትዬ፣ ትንሽ ሞቅ አድርገው ይጻፉልኝ» አለ የሕዝብ ግንኙነቱ።

«እኔ ያለውን ነው የምጽፈው።»

«‹በውሃ ዘርፍ ሰፊ ልምድ› ብንል ምናለበት?»

«አምስት ኪሎ ሜትር ነው የሚለው፤ ስፋቱን አልጻፉትም።»

ልጁ ራሱን አከከ፣ ወረቀቱን ደግሞ አየና ፊቱ በራ። በማግስቱ ጋዜጦቹ ሥራ አስኪያጁ «በውሃው ዘርፍ ረጅም ርቀት የተጓዙ መሪ» መሆናቸውን ይዘው ወጡ። እትዬ ፋይል አነበቡት። ውሸት ነው ለማለት አልቻሉም።

የሕዝብ ግንኙነቱ ገጹን ሊያጽፍ በመጣበት ቀን ሳይወጣ ሌላም ጥያቄ ነበረው። ኮሜዲያኑ ድሮ እዚህ ሠርቷል የሚባለው እውነት ይሆን? እትዬ ፋይል ከሥራ የተሰናበቱ ሰዎች ወደተከማቹበት ሳጥን ሄደው አቧራ እያራገፉ አገኙት። እውነት ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ለአሥራ አንድ ወር ቆጣሪ አንባቢ ነበር። የተሰናበተው ደንበኞች ቤት ሳይሄድ ሻይ ቤት ተቀምጦ የቆጣሪውን ቁጥር ከራሱ እየፈጠረ ሲሞላ ተይዞ ነው። የሕዝብ ግንኙነቱ ማህደሩን አቅፎ ሊስመው ምንም አልቀረውም። ዜናው በዚያው ቀን ወጣ። ኮሜዲያኑም አልካደም፤ «እኔ ቢያንስ ከውሃው ሥራ ተባርሬያለሁ፤ እሳቸው መቼ ገብተውበት ይባረራሉ?» አለ፤ የወዳጆቹ ቁጥር እጥፍ ሆነ። ሐሰተኛ ቁጥር ሲሞላላቸው ከነበሩት ደንበኞች መካከል ሳይቀር ያጨበጨበለት አልጠፋም።

እትዬ ፋይል የኮሜዲያኑን ማህደር ሲመልሱ ነው አንድ ነገር ትዝ ያላቸው። በዚያ ዘመን የቆጣሪ አንባቢዎቹ አለቃ የነበረው፣ ሐሰቱንም ይዞ ሪፖርት ያደረገው፣ ዛሬ የቧንቧ መስመር ፎርማን የሆነው ሰው ነው። ሪፖርቱን ለማየት የፎርማኑን ማህደር ከፈቱ። ሪፖርቱን ሳያገኙ «አቤቱታ» በሚለው ክፍል ዘጠኝ ደብዳቤ አገኙ። ቆመው አነበቧቸው፤ ቀጥሎ ወንበር ስበው አነበቧቸው።

ዘጠኙም የሚሉት አንድ ነገር ነው። ኮረብታው ሥር ካለው አደባባይ በታች የተቀበረው ዋናው ማከፋፈያ ቫልቭ አርጅቷል፤ ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው የብረት በሩ ተቆርጦ ወደ ታች እየወረደ ነው፤ ሲዘጋ የላይኛው ከተማ ውሃ አያገኝም። አዲሱ ቫልቭ ከተገዛ አራት ዓመቱ ነው፣ መጋዘን ተቀምጧል። የሚያስፈልገው አደባባዩን ቆፍሮ እንዲቀየር የሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ብቻ ነው። በየደብዳቤው ጥግ ላይ በሥራ አስኪያጁ እጅ አንድ መስመር ተጽፏል፤ «ከማህደሩ ጋር ይያያዝ»።

ያያያዙት ደግሞ እትዬ ፋይል ራሳቸው ናቸው። ዘጠኝ ጊዜ፣ በጥንቃቄ፣ በቀን ተራ። ሰው ስለ ራሱ ካልሆነ አይጽፍም ብለው አንዱንም ሳያነቡ አቤቱታ ውስጥ አስገብተውታል። ያን ቀን ምሳቸውን አልበሉም።

ፎርማኑን ጋራዡ ውስጥ ምሳ ዕቃውን ጭኑ ላይ አድርጎ አገኙት። ስለ ደብዳቤዎቹ ሲጠይቁት ማኘኩን አላቆመም።

«ወደ ላይ ጻፍኩ፤ ወደ ታች ወደ እርስዎ መጣ። እኔ የት እንደደረሰ አውቃለሁ እትዬ። መቼ እንደሚያነቡት ነበር የማላውቀው።»

 እትዬ ፋይል የመጨረሻውን ደብዳቤ ግልባጭ ይዘው አራተኛ ፎቅ የሕዝብ ግንኙነቱ ዘንድ ወጡ። በዚያ ሳምንት ቴሌቪዥኑ ሥራ አስኪያጁንና ኮሜዲያኑን ፊት ለፊት ሊያከራክር ነበርና፣ ሥራ አስኪያጁ ይህቺን ይዘው ቢገቡ ከተማው በሙሉ አፉን ይይዛል ብለው አስረዱት። ልጁ ወረቀቱን ጫፉን ይዞ አየው።

«እትዬ፣ ክርክሩ እኮ ስለ ብቃት ነው፤ ስለ ቫልቭ አይደለም» አለና መለሰላቸው።

እውነትም ስለ ቫልቭ አልነበረም። እሁድ እህትማማቾቹ ቁጭ ብለው አዩት። ሥራ አስኪያጁ ያልተማረ ሰው ስለ ሕዝብ ጉዳይ መናገር የለበትም አሉ። ኮሜዲያኑ መናገር የማንም ሰው መብት ነው፣ እሳቸውም እስካሁን ሲናገሩ ማንም አልከለከላቸውም አለ። እሳቸው ዝና ዕውቀት አይደለም አሉ፤ እሱ ሹመትም አይደለም አለ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ልክ ሲሆኑ ቆዩ። እህትየዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ ዓይኗን ጠረገች፣ ጀሪካኗን አንስታ ለሰልፍ ወጣች። እትዬ ፋይል ብቻቸውን ቀሩና ቴሌቪዥኑን አጠፉ።

ሰኞ ጠዋት፣ በሃያ ስምንት ዓመት አንድ ቀን አድርገው የማያውቁትን አደረጉ። ማህደር ውስጥ የገባ ወረቀት አወጡ። የፎርማኑን ዘጠነኛ ደብዳቤ ፊታቸው ዘርግተው በአራት መስመር የፈቃድ ደብዳቤ ጻፉ፤ ቫልቩ ከመጋዘን ወጥቶ፣ አደባባዩ ተቆፍሮ እንዲቀየር ተፈቅዷል። ከወጪ ደብዳቤ መዝገቡ ቁጥር ሰጡት። ሐሙስ ደግሞ የፊርማ ቀን ነው፤ የዓመት ፈቃዱን፣ የዝውውሩን፣ የደረጃ እድገቱን ደብዳቤ በቀይ አቃፊ ይዘው የሚገቡት እሳቸው ናቸው። ደብዳቤዋን በአንድ ዘበኛ የወሊድ ፈቃድና በአንዲት ጸሐፊ ዝውውር መካከል አስቀመጧት።

ሐሙስ ሲገቡ ሥራ አስኪያጁ ስልክ እያነጋገሩ ነበር። በግራ እጃቸው ስልኩን፣ በቀኝ እጃቸው ብዕሩን ይዘው ይፈርማሉ፤ እትዬ ፋይል ገጹን ይገልጣሉ። የዘበኛው ደብዳቤ ላይ ሲደርሱ ብዕሩ ቆመ። 

«ወንድ ደግሞ ምን ወለደና ነው ፈቃድ የሚወስደው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው።

«ሚስቱ ናት የወለደችው። ለአባትም ቀን አለው።»

«እኔ ሳላውቀው?» አሉና ፈረሙ። እንደተከፉ በዚያው እጃቸው ቀጣይዋንም ሳያነቡ ፈረሙ፣ ከዚያም ወደ ስልኩ ተመለሱ። እትዬ ፋይል ደረጃውን የወረዱት መደገፊያውን ይዘው ነው።

ፎርማኑ ደብዳቤውን ሲያይ አልጮኸም፤ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳበሰና ዩኒፎርሙን ሊቀይር ሄደ። ዓርብ ጠዋት ከአራት ሠራተኞች ጋር አደባባዩን ቆፈረ፣ ቅዳሜ ማታ ጨረሰ። እሁድ ጠዋት እህትየዋ ወጥ ቤት ውስጥ ቧንቧው ሲያስነጥስ ሰማች። መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ቀጥሎ የዝገት ቀለም ያለው ጭቃ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ። ሁለቱ እህትማማቾች ቆመው ሲወርድ ተመለከቱ።

«ኮሜዲያኑ ተናግሮልን ነው» አለች እህትየዋ በመጨረሻ።

ከተማውም እንደዚያው አለ፤ የኮሜዲያኑ ምስል ያለበት ቲሸርት መሸጥ ጀመረ። እትዬ ፋይል ደግሞ መጥሪያ ይጠብቁ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ያላዘዙት ጉድጓድ መሐል አደባባይ ላይ ተቆፍሯልና የሚጠየቅ ሰው አይጠፋም ብለው የጡረታ ማመልከቻቸውን እስከ መጻፍ ደርሰዋል። ማክሰኞ ሥራ አስኪያጁ ጋዜጠኞች ጠርተው ደብዳቤዋን ከፍ አድርገው አሳዩ።

«ይህ የእኔ ፊርማ ነው» አሉ። ሌላው ሲያወራ እሳቸው ሲሠሩ እንደነበር፣ ችግሩን ለረጅም ጊዜ በቅርበት ሲከታተሉት እንደቆዩም አስረዱ። ለረጅም ጊዜ ያሉት እውነት ነው፤ ዘጠኙንም ጊዜ በእጃቸው ጽፈውበታል።

ከወር በኋላ ሥራ አስኪያጁ ለተሻለ ኃላፊነት ወደ መብራት ኃይል ተዛወሩ። ላይኛው ከተማ ሻማ መግዛት ጀመረ። ኮሜዲያኑ የውሃ ቁጠባ አምባሳደር፣ ቀጥሎም የመሥሪያ ቤቱ የክብር አማካሪ ተባለ፤ ብቃትን የሚመለከተውን ክርክር ከዚያ ወዲህ አላነሳውም። የሕዝብ ግንኙነቱ ለኮሜዲያኑ አዲስ ማህደር ሊያስከፍት ሲመጣ እትዬ ፋይል አሮጌውን አቧራውን ጠርገው ሰጡት። ኮሜዲያኑ ስለ ሐይቁም በየስብሰባው ጥናት ይጠና እያለ ነው አሉ፤ ሦስት ሰዎች ተመድበውለታል።

ለፎርማኑም አንድ ደብዳቤ አልቀረበትም። አደባባዩን ከተፈቀደለት ሰዓት በላይ ዘግቶ የትራፊክ መጨናነቅ በመፍጠሩ የመጀመሪያ ደረጃ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። እትዬ ፋይል ደንቡ ነውና አያያዙት። በዚያው ግን ዘጠኙን ደብዳቤ «አቤቱታ» ከሚለው አውጥተው «የሥራ ሪፖርት» ወደሚለው አዛወሩ። በጀርባቸውም ቫልቩ የተቀየረበትን ቀንና የቀየረውን ሰው ስም ጽፈው ፈረሙበት። ይህን ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም እንደማያነበውም ያውቃሉ።

ፎርማኑ በሳምንቱ ምድር ቤት ብቅ አለ።

«ማስጠንቀቂያዬ ገባ?»

«ገባ።»

«ቆንጆ አድርገው አስረውታል?»

«እንዴታ።»

ሳቀ። እሳቸውም ሳይወዱ ሳቁ፤ ከወራት በኋላ የመጀመሪያቸው ነበር። ወንበር ሳበና በምሥራቅ በኩል ያለው መስመር ድምፁ እንዳላማረው፣ ገና ምንም እንዳልጻፈበት ይነግራቸው ጀመር። እትዬ ፋይል መነጽራቸውን አደረጉና ወረቀት ስበው እሱ ሲናገር ራሳቸው ይጽፉ ጀመር።