በላስቲክ የታሸገው ፊርማ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ አሜሪካ ውስጥ፣ ጠዋት ጠዋት አርሊንግተን አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት እቆርጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጋርላንድ ሄጄ አንድ ሽማግሌ አስታምማለሁ። መሀል ያለውን አውራ ጎዳና በግማሽ እንቅልፍ ነበር የምነዳው። ድካሙ ከአጥንቴ አልወጣ ብሎ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቆሜ አንቀላፋ ነበር።

ሽማግሌው የጥንት አሜሪካ ጠመንጃ ሠሪዎች የፈረሙባቸውን ወረቀቶች ይሰበስባሉ። ጠመንጃ የሚባል ነገር ቤታቸው የለም፤ ደብዳቤ፣ ደረሰኝና ውል ብቻ ነው። ከጦርነት ሸሽቼ ሱዳንን ያቋረጥኩት ሰውዬ፣ የጠመንጃ ሠሪ ወረቀት አቧራ አራጋፊ ሆኜ አረፍኩት። መጀመሪያ ላይ አናደደኝ። “የመግደያ መሣሪያ የሠራ ሰው ፊርማ ምን ያደርግልዎታል?” ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁና አንዱን ደብዳቤ “አንብብልኝ” አሉኝ። አንድ ጠመንጃ ሠሪ ለደንበኛው የጻፈው ነው፤ የሰደፉ እንጨት አልደርቅ ብሎ ሥራው ዘግይቷል፣ ሠራተኛውም ታሟል፣ እባክህ ታገሰኝ ይላል። ለካ እሱም እንደኔው ሥራ ያንገላታው ሰው ነበር። ከዚያ ወዲያ አልጠላሁትም።

የሽማግሌው ዓይን እየጠፋ ነበር። ያንን ደብዳቤ በየቀኑ ከማኅደሩ አውጥቼ ጭናቸው ላይ አኖርላቸዋለሁ። ብዕሩ ወረቀቱን ሰርጎድ ያደረገበትን መስመር በጣታቸው ቀስ እያሉ ይከተሉና፣ ፊርማው መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ፈገግ ይላሉ። እኔ ግን የሚታየኝ የሚንቀጠቀጠው እጃቸውና አጠገባቸው ያለው የሻይ ኩባያ ነበር። አንድ ቀን ሻዩ ተደፋ፤ ደብዳቤው ለጥቂት ተረፈ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። “ሶ፣ በላስቲክ ላሚኔት አስደርገዋ! ምን ያስጨንቅሃል?” አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ ቤት ያልታሸገ ወረቀት የለም፤ የስደተኛ መታወቂያችን፣ የክርስትና ካርዳችን፣ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬቴ ሳይቀር በላስቲክ ተለብጠዋል። አንድ ዝናብ ያበላሸው ወረቀት ሰውን ለስንት ጊዜ የስደተኛ ካምፕ ውስጥ እንደሚያስቀምጥ እናውቀዋለን። እኔም ሽማግሌውን ሳላማክር ደብዳቤውን ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኩና በትኩስ ላስቲክ አሳሽጌው፣ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

“ከእንግዲህ ሻይ አይነካውም” ብዬ ጭናቸው ላይ አኖርኩላቸው። ጣታቸው ላስቲኩ ላይ ተንሸራተተ። መለስ ብለው እንደገና ሞከሩ። ገለበጡት። ሌላ ወረቀት ያመጣሁላቸው መስሏቸው “ይኼ አይደለም፣ ያንን ስጠኝ” አሉ።

ራሱ መሆኑን ነገርኳቸው። ያን ደብዳቤ የሚያነቡት በጣታቸው እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ላስቲኩን ልልጠው ጠርዙን በጥፍሬ ስጀምር ወረቀቱም አብሮ ተላጠ፤ ደንግጬ ተውኩት። ቢጮሁብኝ፣ ከሥራም ቢያባርሩኝ እመርጥ ነበር። አፈርኩ፤ ደክሞኝ ስለነበር ነው እንዳልል እንኳ፣ የሠራሁት በፍቅር ነው።

ደብዳቤውን ከጭናቸው ላይ አነሱ። ከዚያ እጄን ፈልገው ያዙና ደብዳቤውን መዳፌ ላይ አኖሩት።

“ውሰደው፣ አንተ ቤት ይሁን” አሉኝ። “አንተ እንኳ ታየዋለህ።”