የክረምቱ ጎማ ከኋላ ተጭኖ

አባቴ ሁለት ዓይነት ጎማ አላቸው፤ አንዱ የበጋ፣ አንዱ የክረምት። የበጋው ጥርሱ አልቆ እንደ ተላጨ ራስ ሙልጭ ያለ ነው። ከላሊበላ ብልባላ ያለውን ኮረት እሱ ይፈጫል፣ ኮረቱም እሱን ይፈጫል፤ ማንም አያዝንለትም። የክረምቱ ጥርሳም ነው። ጣት የሚያስገባ ጥርስ አለው፤ ጭቃ ይነክሳል። በጋውን ሙሉ ከነቸርኬው ጎተራው ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ ይከርማል። እናቴ አንዳንዴ በርበሬ ያሰጣችበትን ሰፌድ ታስቀምጥበታለች፤ አባቴ ካዩ ያነሱታል። "ለጎማ የሚሰጡትን ክብር ለእኛ ቢሰጡን" ስላት "አፍሽን" ትለኛለች።

ጥርሳሙ ቶሎ ከታሰረ ደረቁ ድንጋይ ጥርሱን ይጨርሰዋል። ዘግይቶ ከታሰረ ደግሞ መኪናው ዋልካው ጥቁር ጭቃ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በየዓመቱ ግንቦት ሲጋመስ መቼ ይታሰር በሚለው እኔና አባቴ እንጨቃጨቃለን። እሳቸው የቤተ ክህነት ልጅ ናቸው፤ ድቁናውን ትተው መሪ ቢጨብጡም ቀን የሚቆጥሩት በበዓል ነው። ደንባቸው አንዲት ናት፤ ጥርሳሙ ጎማ የሚታሰረው በሰኔ ላሊበላ ማግስት ነው። የንጉሡ በዓል ሳይውል ክረምት ገባ አይባልም። ደመናው ይህን ደንብ ተነግሮት እንደሆነ ጠይቄያቸው አውቃለሁ።

አምና ግን ነገሩ የጎማ ብቻ አልነበረም። ታላቅ እህቴ ያገባችው ብልባላ ነው። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን ስለወለደች፣ ሁለተኛውን እዚያው እንዳትሞክረው፣ ቀኗ ሳይደርስ ላሊበላ መጥታ ሆስፒታል አጠገብ እንድትቆይ ተነግሯታል። የሚያመጣት የአባቴ ፒካፕ ነው። ቀኗ ሐምሌ መግቢያ ነው ተባለ። አባቴ አስበው ጨርሰዋል፤ በዓሉ ይውላል፣ በማግስቱ ጎማው ይታሰራል፣ በዚያው ሄደው ያመጧታል።

ግንቦት ሲያልቅ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ጠቆረ። እኛ ላሊበላ ላይ ገና አቧራ እንቅማለን።

"አባባ፣ ብልባላ ዘንቧል። ጎማውን እንሰረው" አልኳቸው።

"የበልግ ርዝራዥ ነው።"

"እህቴ ክረምት ነው አለችኝ።"

"የእሷ ጣራ ያፈሳል። ጠብ ባለ ቁጥር ክረምት ነው።"

"እንግዲያው ሳይብስ በዚሁ ጎማ ሄደን እናምጣት።"

"ባሏ እርሻ ላይ ነው፣ ልጁን ማን ይይዝለታል? አሁን አምጥተን እዚህ ጣሪያ ስትቆጥር ልትከርም ነው?"

ይሄም ውሸት አልነበረም። የሳቸው ክፋቱ ይሄ ነው፤ የሚሉት ሁሉ እውነት አለበት። እናቴ ጣልቃ ገባች፤ "አባትሽ ስንት ዘመን ሲነዱ አንድም ቀን ገደል ገብተው አያውቁም።"

"ገደል እኮ አንድ ቀን ይበቃል" አልኳት። ይህን ጊዜ ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

በሌላ ቀን አባቴ ቅዳሴ ሲሄዱ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እያንከባለልኩ አወጣሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ እጄ ሥራ ይፈልጋል፤ ጎማ መቀየር ደግሞ መቶ ጊዜ አይቻለሁ። ጎማውን ያሰረው ዳዶ ግን አልፈታ አለኝ። መፍቻው ላይ ቆምኩበት፣ ዘለልኩበት፤ ዝም። አባቴ ነጠላቸውን እንደለበሱ በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆይተዋል።

"ጨረስሽ?"

"አልፈታ አለኝ።"

"ቀኑ ሲደርስ ይፈታል" አሉና አንድም ክፉ ሳይናገሩ ጎማዎቹን ወደ ጎተራው ሥር መለሷቸው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እህቴ ቀኗን አልጠበቀችም። በበዓሉ ዕለት ረፋድ ላይ ባሏ ደወለ። ምጥ ይዟታል፤ አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዷል። ነጭ የለበሰውን ሕዝብ እየገፋሁ አባቴን ፍለጋ ሮጥኩ። ከንስሐ አባታችን ጋር የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው ወዲያው ተነሡ፤ ያን አልክድም። ቀጥለው ግን ወደ ቄሱ ዞሩ።

"አባ፣ ለመንገደኛ በበዓል በቅሎ መጫን ይፈቀዳል አይደል?"

"ለታመመማ እንዴት አይፈቀድ" አሉ ቄሱ።

"ጎማ መግጠምስ?"

ቄሱ አሰቡ። መኪና የላቸውም፤ የሚያውቁት በቅሎ ነው። "ብረት መምታት አለበት?"

"ዳዶው ካስቸገረ በመዶሻ ይመታል።"

"እሱ የቀጥቃጭ ሥራ ይመስላል። ጭነውት ይሂዱ። መንገድ ላይ ከተቸገሩ ግን እዚያው ይግጠሙት፤ የተቸገረ አይከለከልም።"

"አባባ፣ አሁን ተቸግረናል እኮ" አልኩ።

"ገና አልተቸገርንም" አሉ አባቴ።

እንዲህ ሆኖ ነው ጥርሳሙን ጎማ ከኋላ ጭነን በሙልጩ የወጣነው። እናቴ አልጋ ልታዘጋጅ ቀረች። በየጉድጓዱ ጎማዎቹ ከኋላ ይዘሉና የሳጥኑን ብረት ይመታሉ፤ እኔ ድምፃቸውን በሰማሁ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። የይምርሐነ ክርስቶስን መገንጠያ እስክናልፍ መንገዱ ደህና ነበር። አባቴ "አየሽ" አሉኝ። ከዚያ ቁልቁለቱን ወርደን ዋልካው ጋ ደረስን።

መኪናው አልፈጠነም፣ አልተገለበጠም። እንደ ሳሙና ብቻ ቀስ ብሎ በጎኑ ሄደና ቦዩ ውስጥ ቁጭ አለ። ነዳጅ በሰጡት ቁጥር ጎማው ባለበት ይዞራል፣ ጭቃውን ወደ ኋላ ይረጫል፣ መኪናው ይሰምጣል። አባቴ ሞተሩን አጠፉ። ወርደው አዩትና "አሁን ተቸግረናል" አሉ። ሊቀልዱ አልነበረም። ፈቃድ ማግኘታቸው ነበር።

ክሪኩን አወጣን። መኪናውን ሊያነሣ ሲገባው እሱ ራሱ ወደ መሬት ገባ። ድንጋይ አደረግንበት፤ ድንጋዩም ሰመጠ። ሌላ ድንጋይ ፍለጋ ሮጥኩ፤ እዚያ ዋልካ ላይ ደግሞ ድንጋይ የለም፣ በጋውን ሙሉ ጎማ ሲበላ የኖረው ድንጋይ። አባቴ በበዓል ልብሳቸው ጭቃው ላይ ተንበርክከው፣ ነጠላቸው ቡላ መስሎ፣ ከጎማ ጋር ይታገላሉ። ከኋላችን አራቱ ጥርሳሞች ደርቀው ተኝተዋል።

በዚህ መካከል ከብልባላ በኩል ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ብቅ አሉ። ስንዘገይባቸው እህቴን ይዘው ወጥተዋል። ለበዓል ያደረጉት ጫማ እንዳይበላሽ አውልቀው በዱላ አንጠልጥለውታል። ከፊት የተሸከመው ሰውዬ መኪናውን አየ፣ ከኋላ የተጫነውን አየ፣ አባቴን አየ።

"ጋሼ፣ እኛስ ጫማ የምንሸከመው ለጫማው አዝነን ነው። መኪናውንም ይህን አስተማሩት?"

አንዳንዶቹ ሳቁ። አባቴ ቀና አላሉም። እህቴ ጋቢ ውስጥ ናት፤ ላብ ግንባሯ ላይ። አጎንብሼ እጇን ያዝኩት።

"ጎማው የታለ?" አለችኝ።

"ከኋላ ነው።"

ጥርሷ ታየ። ሳቅ ይሁን ሕመም ዛሬም አላውቅም።

ከቁልቁለቱ በላይ ደረቁ መንገድ ላይ የአሸዋ መኪና አይጠፋም ተባለ። አባቴ መፍቻውን ጣሉና ከቃሬዛው አንዱን ጫፍ ተቀበሉ። እኔም ልከተል ስል "አንቺ እዚህ ቆዪ" አሉኝ።

"ለምን?"

"ጎማው አለ።"

ይህን ያሉት ለእኔ ነው፣ እህቴ እየሰማች። ቀረሁ።

ጋቢና ውስጥ ተቀመጥኩ። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ዝናቡ መጣ። አንዲት አሮጊት አህያ እየነዱ ሲያልፉ በመስኮት አዩኝ።

"አህያ ሲሰምጥ በጆሮው ነው የሚያወጡት። ይሄ ጆሮ አለው?"

"የለውም እማማ።"

"ምን ያደርግልሻል ታዲያ" ብለው ሄዱ። አህያቸው ጭቃውን እንደ ምንም ተሻገረው።

አሸዋ ጫኙን መኪና እስኪያገኙ ቀኑ መሽቶባቸዋል። ይህን የሰማሁት በማግስቱ ጠዋት፣ አባቴ ገመድና ሰው ይዘው ሲመለሱ ነው። እኔም አንዲት ገበሬ ቤቷ አስጠግታኝ አድሬ መኪናው ጋ ተመልሻለሁ።

"እህትሽ ደህና ናት" አሉ።

"ልጁስ?"

መፍቻውን ከጭቃው አንሥተው በነጠላቸው ጠረጉት። "ሴት ነበረች" አሉ።

መኪናውን ጎትተው ካወጡ በኋላ ጥርሳሙን እዚያው አሰሩት። ዳዶው አላስቸገራቸውም።

ቀድሞ ቢታሰር ኖሮ እናልፍ ነበር ወይ? አላውቅም። በዚያው ሰሞን ጥርሱ ደህና የሆነ መኪና እዚያው ቦይ ገብቷል። የሚያጽናናቸው መስሎኝ ይህን ስነግራቸው "እሱ ያለውን አስሮ ነው የተያዘው" አሉኝ። ሁለተኛ አላነሣሁትም።

ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል አለፈ፣ መንገዱ ደረቀ። አባቴ ጎማውን አላወለቁም። "አባባ፣ ጥርሱ ያልቃል" ስላቸው "ይለቅ" ይላሉ። ጥርን በእሱ ነዱ፣ ሁዳዴን በእሱ ነዱ። እናቴ አሁን ጎተራው ሥር ሙልጮቹ ላይ ሰፌዷን ታስቀምጣለች፤ የሚያነሣባት የለም።

ዘንድሮም ግንቦት ተጋመሰ። አቡነ ዮሴፍ ጠቁሯል። ትናንት አባቴ ከመኪናው አጠገብ ቁጭ ብለው ጠሩኝ። አውራ ጣታቸውን ጎማው ላይ ያመላልሳሉ፤ ጣት የሚያስገባ ቦታ የለም፣ እንደ ብርጭቆ ይንሸራተታል።

"ምን ይመስልሻል?" አሉኝ። "እንሰር ወይስ እንቆይ?"

ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ጥያቄ እንዲጠይቁኝ ስጨቃጨቅ ኖሬያለሁ። ጎተራው ሥር ያለው ሙልጭ ነው። መኪናው ላይ ያለውም ሙልጭ ነው። አዲስ ጎማ ፍለጋ ወልድያ ድረስ አስጠይቀናል፤ በዚህ መኪና ልክ የለም ተብለናል።

"የትኛውን?" አልኳቸው።

ጣታቸውን ከጎማው አላነሡም። እኔም አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።